ሁለት ገና በጋፋት

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለውን የጋፋትን ኮረብታ አንዳንዶቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ያላያችሁትም ስሙን ታውቃላችሁ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነውና። በትምህርት ቤት ስለ ጋፋት ስንማር የምንማረው ስለ መድፉ ነው። መድፉን ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ግን መድፍ ሊሠሩ የመጡ አልነበሩም። ወንጌልንና የእጅ ሥራን ሊያስተምሩ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ማርቲን ፍላድና ቴዎፊል ዋልድማየር ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ዕድሜያቸው በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ዛሬ ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ከብዙዎቻችሁ ጋር እኩያ ናቸው ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ሰዎች ገና እንድታስቡ እጋብዛችኋለሁ። በሰው አገር አስተማሪ ሆኖ የጌታን ልደት ማክበር ምን እንደሚጠይቅ ከእነርሱ ታሪክ ብዙ እንማራለን። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ስል ግን የእኛን ወራት ማለቴ ነው።)

በጾም ወር የመጣ በዓል

በመጀመሪያ ቀኑን እንመልከት። በዚያ ዘመን በእነርሱ ገናና በእኛ ገና መካከል የነበረው ልዩነት 12 ቀን ነበር። ስለዚህ የእነርሱ ዲሴምበር 25 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በእኛ ታኅሣሥ 17 ነበር። ዛሬ ልዩነቱ 13 ቀን ሆኗል፤ ምክንያቱም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1900 የካቲቱ 29 ቀን ያልነበረው ዓመት ስለሆነ ነው። አሁን ዲሴምበር 25 ታኅሣሥ 16 ላይ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ታኅሣሥ 17ን በጋፋት አስቡት። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ተይዟል። ጎረቤት ሁሉ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ከተወ ወር አልፎታል። በየቤቱ ያለው ሽሮ፣ ተልባና ኑግ ነው። የአውሮፓዊው በዓል የሚደርሰው እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። በአገሩ ልማድ በግ ልረድ ቢል የጥብሱ ሽታ በጾም ላይ ያለውን መንደር ይዞራል። ልተወው ቢል ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከእናቱና ከአባቱ ጋር ያከበረው ቀን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ያልፋል።

የአየሩም ነገር እንዲሁ ነው። አፍሪካ ለአውሮፓዊ የሙቀት አገር ናት። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። በታኅሣሥ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፤ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ገበሬው በአውድማ ላይ በሬዎቹን እያዞረ እህሉን ይወቃል። በጀርመን አገር ገና ማለት በረዶ፣ አጭር ቀንና ሻማ የበራበት ቤት ነው። በጋፋት ያው ቀን የመከር ቀን ነው። ሰው ሁሉ በሥራ ላይ ነው፤ የእንግዳውን በዓል የሚያውቅለት የለም።

ከዚያ 12 ቀን ቆይቶ የአገሩ ገና ይመጣል። ጋዱ ይጾማል፤ ሌሊቱ በማሕሌት ያልፋል፤ ጾሙ ይፈታል፤ ከሰዓት በኋላ ወጣቶች ዱላቸውን ይዘው ሩሯን እያሳደዱ ሜዳውን ይሞሉታል። በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ናቸው። እንግዳው አስተማሪ ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል። አሁን ደግሞ በዓሉ የሁሉም ሲሆን እርሱ ብቻውን የእርሱን ያሳለፈ ነው።

እናንተስ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የራሳችሁን ቀን ትጠብቃላችሁ ወይስ የጎረቤቶቻችሁን? ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ ቀንና ስለ መብል የጻፈውን ስታነቡ ጥያቄው ሩቅ ይመስላችሁ ይሆናል። ለጋፋት ሰዎች ግን በየዓመቱ በደጃቸው የሚቆም ጥያቄ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ያሉ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ገናን ከአገራቸው ሕዝብ ጋር በአንድ ቀን ማክበራቸው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነው፤ መልካምም መልስ ነው።

ነገር ግን የጋፋት ሰዎች ትልቁ ፈተና የመጣው በበዓሉ ቀን በኩል አልነበረም። በሥራው ቀን በኩል ነበር።

በእጃቸው ሠርተው እንዲያስተምሩ

የሐሳቡ ጀማሪ ስዊዘርላንዳዊው ሳሙኤል ጎባት ናቸው። ጎባት በ1830 ጎንደር ገብተው ከካህናትና ከሊቃውንት ጋር መጽሐፍ ቅዱስን እየከፈቱ ይነጋገሩ ነበር። በ1846 የኢየሩሳሌም ጳጳስ ከሆኑ በኋላም ኢትዮጵያን አልረሷትም። በባዝል ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ክርስቲያን ስፒትለር የተባለ ሰው በ1840 የቅዱስ ክሪሾናን የሚሲዮን ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር። እዚያ የሚማሩት ወጣቶች ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የእጅ ሥራ የሚያውቁ ነበሩ። ጎባት የፈለጉት እንዲህ ያሉትን ሰዎች ነው፤ በሙያቸው ሠርተው የሚበሉ፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለማቋቋም ሳይቸኩሉ ከሕዝቡ ጋር የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያን ጊዜ ነበረ። በካይሮ ይኖሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ አብርሃም የተረጎሙት ሲሆን በ1840 ሙሉው በአንድነት ታትሟል። እንግዶቹ ይዘውት የገቡት እንግዲህ የኢትዮጵያዊ እጅ የሠራውን መጽሐፍ ነው።

በ1855 ዮሐን ሉድቪግ ክራፍና ፍላድ መንገዱን ሊጠርጉ መጥተው ከአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኙ። ንጉሡ የእጅ ሙያተኞች ቢመጡላቸው ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በካይሮ በእንግሊዝ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ስለነበሩ ነገሩ አላስደነገጣቸውም። በ1856 ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ገቡ። ዋልድማየርና ሳልሙለር በኋላ ተከተሉ። ፍላድ ወደ ደምቢያ ሄዶ በጀንዳ በቤተ እስራኤል መካከል ማስተማር ጀመረ። ሌሎቹ ንጉሡ በሰጧቸው በጋፋት ሰፈሩ። ቤት ሠሩ፤ ልጆች ሰብስበው ፊደልና ሙያ አስተማሩ። ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ አባቷም የንጉሡ ታማኝ ወዳጅ ሆኖ በ1860 ለንጉሡ ሲዋጋ የሞተ ሰው ነው። እንዲህ ሆኖ እንግዶቹ በጋብቻም በልጅም ከአገሩ ጋር ተሳሰሩ።

የንጉሡ ጥያቄ

ዐፄ ቴዎድሮስ የሙያተኞቹን እጅ በመጀመሪያ ለመንገድ ሥራ ፈለጉት። ቀጥለው ግን ሌላ ነገር ጠየቁ፦ መድፍ ሥሩልኝ።

እዚህ ላይ በንጉሡ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። በ1848 ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ድል የሆኑት ጀግንነት አንሷቸው ሳይሆን መድፍ ስለገጠማቸው ነው። ያን ቀን አልረሱትም። አገራቸው በዙሪያዋ ካሉት ኃይሎች የምታንሰው በምን እንደሆነ በዓይናቸው አይተዋል። መሣሪያ ገዝቶ በተገዛው መታመንን ሳይሆን በአገር ልጆች እጅ መሠራቱን የፈለጉ ንጉሥ ናቸው። ለእርሳቸው አውሮፓዊ ሙያተኛ በደጃቸው ተቀምጦ ሙያውን ቢነፍጋቸው ትርጉሙ የማይገባ ነገር ነበር።

ሚሲዮናውያኑ አናውቅም አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ መድፍ ማፍሰስን ማንም አላስተማራቸውም። ንጉሡ ግን መልሱን አልተቀበሉም፤ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። ስለዚህ ሞከሩ። ምድጃ ሠሩ፤ ወናፍ ተከሉ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ። መሣሪያ ሠሪው ፈረንሳዊ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሃል አብረዋቸው ነበሩ። በጋፋት ዙሪያ ያለው ሕዝብ እንጨት ተሸከመ፤ ከሰል አከሰለ፤ ወናፍ አናፋ። በመጨረሻ የቀለጠው ነሐስ በቅርጹ ውስጥ ገባና መድፍ ሆኖ ወጣ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየከበደ ሄዶ ሥራው ወደ ሴባስቶፖል ደረሰ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ከተከበበችው ከሩሲያ ከተማ ነው።

እንግዲህ ገናን በዚህ መካከል አስቡት። የሰላም አለቃ ተወለደ ብለው የሚያምኑ፣ ይህንንም ሊነግሩ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች፣ በዓሉ ሲያልፍ ወደ መድፉ ምድጃ ይመለሳሉ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ብዙዎች ወቅሰዋቸዋል። ሌሎችም እምቢ ቢሉ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸውና ተማሪዎቻቸው ምን ይሆኑ ነበር ብለው ተከራክረውላቸዋል። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። እኔ ለእናንተ ላስቀምጠው የምወደው ነገር ከፍርድ ይልቅ ለመንገደኛ የሚጠቅም ነው። ወደ ሰው አገር ሙያ ይዞ የሚሄድ ሰው እጁ ምን ሊሠራ እንደሚችል ብቻ አውቆ መሄዱ አይበቃውም፤ እጁ ምን እንደማይሠራም ገና ከቤቱ ሳይወጣ ቢያስብበት መልካም ነው። ጥያቄው በአንድ ቀን ተጠናቆ አይመጣም። ዛሬ መንገድ ሥራ ይባላል፤ ነገ ጥገና፤ ከነገ ወዲያ ምድጃው ይነድዳል።

የተለያዩ ቤተሰቦች ገና

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ ዘገየ። ንጉሡ እንደተናቁ ቆጠሩት፤ ቁጣቸውም በአውሮፓውያን ላይ ወረደ። በ1863 ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ታሰረ፤ በ1864 መጀመሪያ ቆንስል ካሜሮን ተከተለ። በ1866 መጀመሪያ መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳምም ብዙ ሳይቆይ እስረኛ ሆነ። የጋፋት ሰዎች ከእስረኞቹ የተሻለ ነፃነት ነበራቸው፤ መሄድ ግን አይችሉም ነበር። እንግድነት ሳይታወቅ ወደ መያዣነት ተለወጠ።

ከሁሉ የከበደው ዕጣ የደረሰው ለፍላድ ቤተሰብ ነው። በኤፕሪል 1866 ንጉሡ ፍላድን ሙያተኞችና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሚስቱ ፓውሊነና ልጆቹ ግን በመያዣነት ቀሩ። የዚያ ዓመት ገና ሲደርስ ባልየው አልተመለሰም፤ እርሷ ሕፃናቱን ይዛ በንጉሡ እጅ ናት። ፓውሊነ በኢየሩሳሌም በሽተኛ ስታስታምም የነበረች ዲያቆናዊት ናት። የተወለደው ሕፃን በክፉ ንጉሥ ምክንያት በሌሊት ወደ ግብፅ የተሰደደበትን ታሪክ እርሷ ከእኛ አስበልጣ እንደምታውቀው አያጠራጥርም።

ፍላድ ተመልሶ ለመቅረት ይችል ነበር። በ1867 ግን ተመለሰ። ቤተሰቡ እዚህ ነውና።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል በሠረገላ ተጭኖ በመቶዎች ትከሻ እየተጎተተ ተጓዘ፤ መንገድ የሌለው ገደል ድንጋዩ እየተፈለጠ መንገድ ወጣለት፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ የደረሱት በማርች 1868 ነው። የ1867 ገና፣ የእነርሱም የእኛም፣ ያለፈው እንግዲህ በመንገድ ላይ ነው።

አንድ የሆነው ፋሲካ

ገና ሁልጊዜ በ12 ቀን ይለያያቸው ነበር። የፋሲካ ቀን ግን በጨረቃ ስለሚሰላ አንዳንድ ዓመት ይገጥማል። በ1868 ገጠመ፤ የሁለቱም ወገን ትንሣኤ ኤፕሪል 12 ዋለ።

የአሮጌ ውጊያ የተደረገው በስቅለት ዓርብ ነው። ከሕንድ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር የንጉሡን ጦር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፈጀው። ንጉሡ በቅዳሜና በፋሲካ ዕለት አውሮፓውያኑን ለቀቁ፤ ለናፒየርም ለበዓሉ እንዲሆን ከብት ላኩ። ስጦታው አልተወሰደላቸውም። ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ሲሰበር ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ።

ይህን ሳነብ የሚከብደኝ ያ ከብት ነው። ለዓመታት በበዓል ያልተገናኙ ሁለት ክርስቲያን ወገኖች በአንድ ቀን ክርስቶስ ተነሣ ሲሉ፣ በአንድ ማዕድ መቀመጥ አልቻሉም። የቀኑ መግጠም ብቻውን ሰውን አያስታርቅም። የቀኑ መለያየትም ብቻውን ሰውን አያለያይም።

ምን ቀረ?

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። 70 ኩንታሉን የሚያነሣው አልተገኘም። ጋፋት ካፈራቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ እርሱ ነው።

ከባድ ያልሆኑትን ደግሞ ቁጠሩ። ፍላድ ካስተማራቸው ልጆች አንዱ የቤተ እስራኤል ልጅ የነበሩት ሚካኤል አረጋዊ ናቸው። ከመቅደላ በኋላ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በዚያው በቅዱስ ክሪሾና ተማሩ። አሁን ታሪኩ ተገለበጠ፤ በበረዶ አገር የሰው ገና የሚያይ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሆነ፤ የአገሩ ገና የሚመጣው ከ12 ቀን በኋላ ነው፤ በዚያ ኮረብታ ላይ ጾሙን የሚያውቅለት ሰው የለም። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ክራፍ የታረመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በክሪሾና ሲያሳትም ሥራውን የረዱት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሚካኤልም ወደ አገራቸው ተመልሰው በደምቢያ ለብዙ ዓመታት ወገኖቻቸውን አስተማሩ። እንግዶቹ ከአገር ሲወጡ ሥራው በአገር ልጅ እጅ ቀጠለ።

ዋልድማየርስ? ኢትዮጵያን ለቅቆ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ሊባኖስ ደረሰ። ሚስቱ አብራው ከተወለደችበት አገር ወጣች፤ በሰው አገር ገናን የማክበር ተራው የእርሷ ሆነ። በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት ጀመረ። በኋላም ማንም ለማይፈልጋቸው የአእምሮ ሕሙማን በአስፉሪያ ሆስፒታል አቋቋመ። በእነዚያው ዓመታት ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ጋር ተቀላቀለ። ኩዌከሮች መሣሪያ ማንሣትን ፈጽመው የሚቃወሙ ናቸው። በጋፋት መድፍ ያፈሰሰ እጅ ቀሪ ዘመኑን በፊደልና በበሽተኛ አልጋ አጠገብ አሳለፈ። ይህ ሰው በ1915 የሞተው በሰው አገር ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ነገ በመምህርነት፣ በነርስነት ወይም በምህንድስና ወደ ሌላ አገር ትሄዳላችሁ። አንዳንዶቻችሁም አሁን በሄዳችሁበት ሆናችሁ ይህን ታነባላችሁ። ገና በማታውቁት ቀን ይመጣባችኋል፤ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ለአሠሪያችሁ ተራ የሥራ ቀን ይሆናል። ናፍቆቱ እውነተኛ ነው፤ አትናቁት። ነገር ግን የጋፋት ሰዎች ታሪክ እንደሚያሳየው በመጨረሻ የሚጠየቀው የትኛውን ቀን አከበራችሁ የሚለው አይደለም። በቀሩት ቀኖች እጃችሁ ምን ሠራ፣ ማንንስ አስተማራችሁ የሚለው ነው።

በአገር ለቀራችሁትም አንድ ሥራ አለ። በየዩኒቨርሲቲውና በየሆስፒታሉ ከሩቅ አገር የመጡ መምህራንና ሐኪሞች አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ታኅሣሥ 16ን ብቻቸውን ያሳልፋሉ። በዚያ ቀን ቡና አፍሉና ጥሯቸው። ጾመኛ ጎረቤት ካለ የጾም ምግብ አቅርቡ፤ ሁሉም አብሮ ይበላል። ታኅሣሥ 29 ሲመጣ ደግሞ እንግዳውን ለብቻው አታስቀምጡት፤ ዱላ አስይዙትና ወደ ሜዳው ይዛችሁት ውጡ።